ቀርፋፋው ፓይተን አይደለም

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ፣ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት ባለበት ሁሉ አንድ ፍርድ ይሰማል፦ «ፓይተን ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ ለሥራ ግን ቀርፋፋ ነው።» ፍርዱን አንዳንዴ መምህሩ፣ አንዳንዴ ቀድሞ የተመረቀ ጓደኛ፣ አንዳንዴም ዩቲዩብ ይሰጠዋል። ከፍርዱ ጋር ሁለት መድኃኒት ይታዘዛል። አንዱ «ሲ ፕላስ ፕላስ ተማር» ይላል፤ ሌላው «የተሻለ ላፕቶፕ ግዛ» ይላል።

ሁለቱም በሽታውን ሳይመረምሩ የታዘዙ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ቀርፋፋው ቋንቋው አይደለም። ቀርፋፋው፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ለኮምፒውተሩ አስቀድሞ ቃል ሳይገባ መሮጡ ነው። ቃል መግባት ደግሞ ይቻላል፤ አዲስ ቋንቋም አዲስ ላፕቶፕም ሳያስፈልግ። ይህ የሚሆንበት መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ በአደባባይ የተቀመጠ፣ ነፃ የሆነ፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል ሥራ ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ግን ሳያዩት ይመረቃሉ።

አስተርጓሚና ተርጓሚ

ለዚህ ጉዳይ አማርኛ ራሱ ልዩነቱን ያውቃል። ሀዲይሳ ብቻ የሚናገሩ እናት ሀዲይሳ ከማያውቅ ሐኪም ፊት ቢቀርቡ በመሐል አስተርጓሚ ይቆማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማል፣ ይረዳል፣ በአማርኛ ይናገራል፤ ቀጣዩን ይሰማል። እኚያው እናት ነገ መጥተው ያንኑ ቢናገሩ አስተርጓሚው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሌላ በኩል አንድ ውል ወይም ደብዳቤ በተርጓሚ አንዴ ተተርጉሞ ማኅተም ካረፈበት፣ ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ቢያነበው ተርጓሚውን የሚጠራ የለም።

የተለመደው ፓይተን፣ ባለሙያዎች ሲፓይተን የሚሉት፣ የሚሠራው እንደ አስተርጓሚው ነው። ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚሠሩት እንደ ተተረጎመው ሰነድ ነው። ታዲያ የፓይተንን ፕሮግራም አንዴ ተርጉሞ ማስቀመጥ ለምን አስቸገረ?

ችግሩ «ያ» የሚለው ቃል ነው። ሰውዬው በጣቱ እየጠቆመ «ያንን ስጠው» ቢል፣ አጠገቡ የቆመ አስተርጓሚ ጣቱን አይቶ «ያ» ምን እንደሆነ ያውቃል። ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ተርጓሚ ግን ጣቱን አያይም። በፓይተን ውስጥ ያለ ስም ሁሉ እንደዚህ «ያ» ነው። «ሀ ሲደመር ለ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱ ቁጥር ከሆኑ ይደመራሉ፣ ጽሑፍ ከሆኑ ይቀጣጠላሉ፣ ዝርዝር ከሆኑ ይዋሃዳሉ። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ብቻ ነው። ያው ስም ከአፍታ በፊት ቁጥር የነበረ፣ አሁን ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ተለዋዋጭ ቋንቋ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሲፓይተን ለእያንዳንዱ መደመር ይጠይቃል፦ ይህ ምንድን ነው? ያኛውስ? እነዚህ ሁለቱ ሲደመሩ የሚጠራው የትኛው ሥራ ነው? ውጤቱ የት ይቀመጥ? መልሱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ «ቁጥር ነው» ቢሆንም ጥያቄው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይጠየቃል። የማስታወሻው ወጪም አብሮ ይጨምራል። በ64 ቢት ሲፓይተን ውስጥ 1 የምትለው ቁጥር ብቻዋን 28 ባይት ትይዛለች። በሲ ያቺው ቁጥር 4 ወይም 8 ባይት ይበቃታል። በቁጥርና በፊደል ላይ የሚመላለስ ፕሮግራም በፓይተን ተጽፎ ከሲ በአሥሮች እጥፍ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቃል የገባ ፓይተን

እ.ኤ.አ. በ2003 አርሚን ሪጎና ጓደኞቹ ፓይፓይ የተባለ ሥራ ጀመሩ። ዓላማቸው ፓይተንን በራሱ በፓይተን መጻፍ ነበር። ነገሩ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል፤ ቀርፋፋ በተባለ ቋንቋ የተጻፈ አስተርጓሚ ከቀርፋፋም በላይ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። መፍትሔያቸው አርፓይተን ሆነ፤ የተገደበ ፓይተን ማለት ነው።

አርፓይተን አዲስ ሰዋስው የለውም። በእርሱ የተጻፈው ሁሉ ተራ ፓይተን ነው፤ በተራው አስተርጓሚም ሮጦ ይፈተሻል። ልዩነቱ ጸሐፊው የሚገባው ቃል ነው። አንድ ስም በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ይይዛል። በዝርዝር ውስጥ የሚገቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ፕሮግራሙ መሮጥ ከጀመረ በኋላ የክፍሎችና የተግባራት ትርጉም አይቀየርም። ጽሑፍን በሩጫ መሐል ወደ ፕሮግራም ቀይሮ ማስኬድ ክልክል ነው። በአጭሩ፣ «ያ» ማለት ቀርቶ በስም መጥራት ነው።

ቃሉ ከተገባ በኋላ ትርጉሙ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ በተራው ፓይተን ይጫናል። በዚህ ደረጃ ምንም ገደብ የለም። ሠንጠረዥ መሙላት፣ ፋይል ማንበብ፣ ተግባራትን በሌላ ተግባር መፍጠር ሁሉ ይፈቀዳል። መተርጎሚያው ሥራውን የሚጀምረው ከተጻፈው ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ ጭነቱ ካለቀ በኋላ በማስታወሻ ውስጥ ከተገኙት ተግባራት ነው። ነፃነቱ አልተሰረዘም፤ ጊዜ ተወሰነለት እንጂ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተግባር ወደ ፍሰት ሥዕል ይለወጣል፤ ከየትኛው እርምጃ ወደ የትኛው እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚመለስ ይታያል። ከዚያ ዓይነት የማወቅ ሥራ ይጀምራል። ከመግቢያው ተነሥቶ «ይህ ቁጥር ከሆነ፣ ከእርሱ የወጣውም ቁጥር ነው» እያለ በፕሮግራሙ ሁሉ ይዞራል። ጸሐፊው በየመስመሩ «ይህ ቁጥር ነው» ብሎ እንዲጽፍ አይጠየቅም፤ መተርጎሚያው ራሱ ይደርስበታል። ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ በአንዱ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ከመጣ ግን ትርጉሙ ይቆማል። ቃል ፈርሷል ማለት ነው።

ቀጥሎ «ሀ ሲደመር ለ» የሚለው አጠቃላይ ትእዛዝ ለማሽኑ ቅርብ ወደሆነው «እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር» ይወርዳል። አጫጭር ተግባራት በጠሪዎቻቸው ውስጥ ይዋጣሉ፣ የማያስፈልግ የማስታወሻ ቦታ ይቀነሳል፣ ማስታወሻን የሚያጸዳው ክፍል ይገባል። በመጨረሻ የሲ ፋይል ይጻፋል፤ ጂሲሲን የመሰለ ተራ የሲ ኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል። የሚወጣው ራሱን ችሎ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚው ከመሐል ወጥቷል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ፓይፓይ፣ በሩጫ ላይ የሚተረጉም ተጨማሪ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ታክሎበት፣ ዛሬ በራሱ መለኪያዎች ከሲፓይተን በአማካይ ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። «ቀርፋፋ» በተባለው ቋንቋ የተጻፈው አስተርጓሚ በሲ የተጻፈውን ቀደመ።

ሐሳቡ የፓይተን ሰዎች ብቻ አይደለም። ዳን ኢንጋልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ስኩዊክ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስሞልቶክን በተገደበ ስሞልቶክ ጽፈው ወደ ሲ እንደተረጎሙት አሳይተዋል። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2013 የተገደበ ጃቫስክሪፕት ይዞ ቀረበ፤ ዛሬ በየስልካችን ብራውዘር ውስጥ ያለው ዌብአሴምብሊ የተወለደው ከዚያ መንገድ ነው።

ይህ ለሆሳዕና ምኗ ነው?

እዚህ ላይ «ይህ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአስተርጓሚውን ደመወዝ ያለ ሐሳብ መክፈል የሚችለው ፈረንጁ ነው። ፕሮግራሙ ቢዘገይ ተጨማሪ ማሽን ይከራያል። እዚህ ግን ላፕቶፑ ሁለተኛ እጅ ነው፤ ወይም ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም የላከው ነው። ባትሪው ደክሟል፤ መብራት ሲሄድ የቀረው የሥራ ሰዓት የባትሪው ዕድሜ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በሁለት ደቂቃ ካለቀ፣ ልዩነቱ የምቾት አይደለም፤ ሥራው ማለቁና አለማለቁ ነው።

አንድ ተጨባጭ ሥራ ይወሰድ። ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣሉ። መጽሐፍ የሚያዘጋጅ መምህር ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲጽፍ የማይገጥመው ችግር አለበት፦ በሀዲይሳ የጻፈው ቃል ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ይሰመርበታል። የፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም መሥራት ለአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሚመጥን፣ ለአገር የሚጠቅም የመመረቂያ ሥራ ነው።

ሁለቱም የምሥራቅ ደጋ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ቃሉ ቅጥያ በቅጥያ ላይ እየደረበ ያድጋል። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ብቻ አይበቃም፤ ቅጥያውን እየገፈፉ፣ ከዝርዝሩ ጋር ፊደል በፊደል ማነጻጸር ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በተለመደው ዘዴ ባለ 10 ፊደል ቃል ከባለ 12 ፊደል ቃል ጋር ሲነጻጸር 120 ሣጥን ይሞላል። ዝርዝሩ 50,000 ቃል ቢይዝ፣ ለአንድ የተሳሳተ ቃል 6,000,000 ሣጥን ይሞላል። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ አስተርጓሚው «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል። ለአንድ ቃል ጥቂት ሰከንድ ይሄዳል፤ ሃያ ግድፈት ላለበት ገጽ ከደቂቃ በላይ መጠበቅ ነው። ብልህ ዘዴ ሣጥኖቹን ይቀንሳል፣ መቀነስም አለበት፤ የቀሩት ሣጥኖች ግን ያንኑ ዋጋ ያስከፍላሉ። ይኸው ሥራ ተተርጉሞ ሲሮጥ በሰከንድ ክፋይ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። ተማሪው ፕሮግራሙን ያሳያል፣ ይዘገያል፣ «ፓይተን ስለሆነ ነው» ይባላል። ሥራው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ መምህሩም ከቀዩ መስመር ጋር ይቀራል። የጎደለው ችሎታ አይደለም። ሃያ መስመር የምትሆነውን ያቺን የማነጻጸሪያ ክፍል ቃል አስገብቶ መተርጎም ብቻ ነበር የቀረው።

ስለ ፈተናው

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ተማሪ መቀበል ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የኮምፓይለር ትምህርት ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ውስጥም የኮምፓይለር ጥያቄ አለ። ስለዚህ ትምህርቱ የለም አይባልም።

ያለው ግን በምርጫ ጥያቄ የተሸመደደ ትምህርት ነው። «የኮምፓይለር ስድስት ደረጃዎች የትኞቹ ናቸው?» ቢባል ተማሪው በቅደም ተከተል ይጠራቸዋል። የራሱ ፕሮግራም በእነዚያ ደረጃዎች ሲያልፍ ግን አይቶ አያውቅም። «የትርጉም ፍተሻ» የሚለውን ደረጃ ብያኔ ያውቃል፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ አስገብቶ መተርጎሚያው ሲቆምበት አላየም። ይህ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና አልፎ መሪ ሳይጨብጡ እንደመቅረት ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር አለ። ወጣቱ በኢንተርኔት ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዙ መልካም ነው። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ሰው ፕሮግራም መጻፍ ችሎ፣ የጻፈው በማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ከሆነ፣ አምስት ሚሊዮን የአስተርጓሚ ደንበኛ ፈጠርን ማለት ነው።

ተቃውሞዎቹ

«አርፓይተን አርጅቷል፤ እስካሁንም በፓይተን 2.7 ላይ የቆመ ነው።» እውነት ነው። የስህተት መልእክቱም ያስቸግራል፤ ሠሪዎቹም ለአስተርጓሚ መሥሪያ እንጂ ለማንኛውም ሥራ አይመክሩትም። ስለዚህ አርፓይተን መንገዱን ለማየት ነው። ለዕለት ሥራ የሚሆኑ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። ለቁጥር ሥራ ነምባ አለ። ዓይነት የተጻፈበትን ፓይተን ወደ ሲ የሚመልሱ ሳይተንና ማይፓይሲ አሉ። ማይፓይ የተባለው የዓይነት መፈተሻ ራሱ በማይፓይሲ ተተርጉሞ አራት እጥፍ ያህል ፈጥኗል። መሣሪያዎቹ ይለያያሉ፤ የሚጠይቁት ቃል ግን ያው ነው።

«ነምፓይን የመሳሰሉ የተዘጋጁ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ፈጣን ናቸው።» አሉ፤ ፈጣን የሆኑት ግን ሌላ ሰው አስቀድሞ በሲ ስለጻፋቸው ነው። ለሀዲይሳ ቅጥያ ማን ይጻፍ? ዝግጁ ነገር የሚጠብቅ ሰው ሌላው ያሰበለትን ችግር ብቻ ይፈታል።

«ታዲያ ሲ ፕላስ ፕላስን ለምን አይጽፍም? በመጀመሪያ ዓመት ተምሮት የለም?» ይጻፍ፤ ማንም አልከለከለውም። ግን አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው በጥቂት መስመሮች ላይ ነው። ለእነዚያ መስመሮች ብሎ ሙሉውን ሥራ በሌላ ቋንቋ እንደገና መጻፍ፣ ጣሪያው በአንድ ቦታ ስላፈሰሰ ቤቱን አፍርሶ እንደመሥራት ነው።

«አሁን ኤአይ ይጽፍልናል።» ኤአይም የሚጽፈው ያንኑ ፓይተን ነው፤ የሚሮጠውም በዚያው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። የጻፈልህ ፕሮግራም አንዱን ስም መጀመሪያ ቁጥር፣ በኋላ ባዶ አድርጎት ከሆነ መተርጎሚያው ይቆማል። የቆመበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን አንድ ነው፦ «ፓይተንን የወደድነው ለነፃነቱ ነው፤ ካሰራችሁት ምኑ ፓይተን ሆነ?» መልሱ ከላይ አለ። በጭነቱ ጊዜ ነፃነቱ ሙሉ ነው፤ ሚሊዮን ጊዜ በሚመላለሰው ክፍል ላይ ግን ያ ነፃነት ማንንም አይጠቅምም። የማነጻጸሪያው ሣጥን ውስጥ ከቁጥር ሌላ ነገር የሚያስገባ ፕሮግራመር የለም። የማይጠቀሙበትን ነፃነት በሰከንድና በባትሪ መክፈል ነፃነት አይባልም፤ ኪሳራ ነው።

ምን ይደረግ?

በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን ይዞራሉ፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

ተማሪው ያቺን ሃያ መስመር የቃል ማነጻጸሪያ በተራ ፓይተን ይጻፍ፤ ሰዓቱን ይለካ። ከዚያ ለስሞቹ ዓይነት ይስጣቸው፤ በማይፓይሲ ወይም በሳይተን ይተርጉማት፤ እንደገና ይለካ። የወጣውን የሲ ፋይል ከፍቶ የራሱን መስመር ይፈልግ። በመጨረሻ ሆን ብሎ ቃሉን ያፍርስ፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ያስገባና መተርጎሚያው ምን እንደሚለው ያንብብ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስድስቱን ደረጃዎች ከሽምደዳ አውጥቶ በእጁ ይዳስሳቸዋል። የመውጫ ፈተናው ላይ ሲጠየቅም የሚመልሰው ያየውን ነው።

የመመረቂያ ሥራ የሚያማክሩ መምህራንም «ፓይተን ስለሆነ ነው» የሚለውን መልስ መቀበል ያቁሙ። የሚጠይቁት ሌላ ይሁን፦ «የሚዘገየው የትኛው መስመር ነው? እዚያ መስመር ላይ ያሉት ስሞች ምን ዓይነት ናቸው? ለምን አልተናገርክም?» እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ ሥራው መደርደሪያ ላይ አይቀርም። የሀዲይሳው መምህርም አንድ ቀን ከቀዩ መስመር ይገላገላል።